የኢተርኔት ድራይቨር ቅንብር አመዘጋገብ

በጀጎል ግንብ ውስጥ ባለ የድንጋይ ቤት ኮምፒዩተሩን አስቀምጦ ከወዲያኛው ክፍል የሚመጣውን ዋይፋይ የጠበቀ ሰው፣ ወፍራሙ ግድግዳ የቀኑን ሙቀትና የጎዳናውን ጩኸት እንደሚከለክል ሁሉ ሞገዱንም እንደሚያደክመው ሳይውል ሳያድር ይረዳዋል። ስለዚህም በአሮጌው ከተማ የእንግዳ ማረፊያ የከፈተውም፣ ቤተ መዘክር የሚጠብቀውም፣ ከግንቡ ማዶ በአዲሱ ከተማ ክሊኒክ ወይም ጽሕፈት ቤት ያቋቋመውም ውሎ አድሮ ወደ ኢተርኔት ገመድ ይመለሳል። ገመዱ ከተዘረጋ በኋላ ግን አንድ ችግር ደጋግሞ ይመጣል፤ ይኸውም መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ወይም ኮምፒዩተሩ ሌሊቱን ራሱን አድሶ ሲያድር፣ ትናንት በደኅና ይሠራ የነበረው መሥመር ዛሬ ይዘገያል፣ ወይም ጨርሶ ይቋረጣል፤ መጀመሪያ ያስተካከለው ባለሙያም ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ አዲስ አበባ ተዛውሯልና «ምን ላይ ነበር?» ለሚለው ጥያቄ የሚመልስ አይገኝም።

ይህ መመሪያ ያንን መልስ አስቀድመው በመዝገብ ለማኖር ለሚሹ የተዘጋጀ ነው። ድራይቨር የምንለው በኦፐሬቲንግ ሲስተሙና በኔትወርክ ካርዱ መካከል ቆሞ የአንዱን ቃል ለሌላው የሚያደርስ አስተርጓሚ ፕሮግራም ሲሆን፣ ቅንብር የምንለውም ይህ አስተርጓሚ በምን ፍጥነት፣ በምን ሥርዓትና በምን ልክ እንዲሠራ የተሰጠው ትእዛዝ ነው። በዩኒቨርሲቲ ያሉ አንባቢዎች ደግሞ ኢተርኔት ስንል ገመዱንና ሥርዓቱን ማለታችን እንደ ሆነ፣ በአጽሕሮተ ቃል ተመሳሳይ ድምፅ ያለውን የኢትዮጵያ ትምህርትና ምርምር አውታር ማለታችን እንዳልሆነ ይወቁልን።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በአንድ ወቅት ከግንቡ ውጭ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የገጠመው ነገር የመዝገቡን ጥቅም ይገልጠዋል። በዚያ ቤት አንድ ኮምፒዩተር ፋይል ለማስተላለፍ ከሌሎቹ እጅግ ይዘገይ ነበር። ድራይቨሩ ሲመረመር ፍጥነቱ 100 ሜጋቢት፣ ዱፕሌክሱ (ሁለቱ ጫፎች በአንድ ጊዜ ወይስ በተራ እንዲናገሩ የሚወስነው) ሙሉ ተብሎ በእጅ ታስሮ ተገኘ፤ ማን እንዳሰረው፣ መቼና ስለ ምን እንዳሰረው ግን የሚያውቅ ስላልነበረ፣ አንድ ብርቱ ምክንያት ይኖረው ይሆናል በሚል ፍርሃት ከዓመት በላይ ሳይነካ ኖረ። በኋላ አሮጌው ገመድ ከዕቃ ቤት ወጥቶ ሲፈተን ከአራቱ የሽቦ ጥንዶች አንዱ ተበጥሶ ተገኘና ምሥጢሩ ተገለጠ፤ በሽታው ከገመዱ ጋር ከሄደ ብዙ ጊዜው ሲሆን፣ መድኃኒቱ ግን አሁንም ለጤነኛው እየተሰጠ ነበር። እንግዲህ ቁጥሩን ብቻ የያዘ መዝገብ ግማሽ መዝገብ ነው፤ ምክንያቱ ያልተጻፈለት ቅንብር ለመተውም ለመለወጥም የማይመች ዕዳ ሆኖ ለተተኪው ይወርዳልና።

ከሥራው በፊት የሚዘጋጁ ነገሮች

ጠንካራ ልባስ ያለው ደብተር፣ ሰማያዊና ቀይ ብዕር፣ በገመዱ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት፣ አንድ ፍላሽ፣ ስክሪኑን የሚያነሣ ስልክ፣ ከተቻለም የገመድ መፈተሻ ያዘጋጁ። በኮምፒዩተሩ ላይ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያለው የይለፍ ቃል ያስፈልግዎታል፤ ያለ እርሱ ብዙዎቹን ቅንብሮች ማየት ቢቻልም መለወጥ አይቻልም። ሰዓቱንም ይምረጡ፤ ካርዱ ቅንብሩ ሲለወጥ ለጥቂት ሰከንድ መሥመሩን ስለሚያቋርጥ፣ ሰው በሥራ ላይ ሳለ መንካት ጠብ መግዛት ነው። ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዓርብ ዕለቱ ረጅም ዕረፍት፣ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ያለው፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ማሽን ይበቃል።

ደረጃ 1፦ ቅንብሩ የሚኖርበትን ስፍራ ይለዩ

ደብተሩን ከፍተው ለእያንዳንዱ ማሽን አራት ክፍል ያስምሩ። በ«ሀ» ክፍል በካርዱና በማዘርቦርዱ ባዮስ ውስጥ የሚኖረውን፣ በ«ለ» ክፍል በድራይቨሩ ውስጥ የሚኖረውን፣ በ«ሐ» ክፍል የአይፒ አድራሻን የመሰለውን የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ድርሻ፣ በ«መ» ክፍል ደግሞ በገመዱ ማዶ ጫፍ ባለው ስዊች ላይ ያለውን ይጻፉ።

ይህ ክፍፍል የሚጠቅመው አደጋ በደረሰ ቀን ነው። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ቢጫን «ለ» እና «ሐ» ይጠፋሉ፣ «ሀ» እና «መ» ግን በስፍራቸው ይቆያሉ፤ ስዊቹ ተቃጥሎ ቢለወጥ «መ» ብቻ ይጠፋል። ምን እንደ ጠፋ ያወቀ ሰው የሚመልሰውን ያውቃል። ብዙዎች የሚሳሳቱት አይፒ አድራሻውን ጽፈው የድራይቨሩን ቅንብር የመዘገቡ ስለሚመስላቸው ነው፤ አይፒ አድራሻ የቤቱ ቁጥር ሲሆን፣ የድራይቨሩ ቅንብር ግን የመንገዱ ስፋትና ሥርዓት ነው።

ደረጃ 2፦ የካርዱን ስሞች ሁሉ ይጻፉ

በሐረር አንዱ በር ብዙ ስም አለው፤ በአማርኛ ኤረር በር የሚባለውን ሐረሪው አርጎብ በሪ ይለዋል፣ ሸዋ በር የምንለውም በእነርሱ ዘንድ አስመዲን በሪ ነው፤ አንዱን ስም ብቻ የሰማ እንግዳ ሌላውን ሲጠሩለት ሁለት በር ያለ ይመስለዋል። ኔትወርክ ካርድም እንዲሁ ነው፤ በዕቃው ላይ የታተመ የፋብሪካ ስም፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ያወጣለት ስም፣ እንዲሁም ከፋብሪካው የተሰጠ የመታወቂያ ቁጥር አለው።

ስለዚህ በመጀመሪያ የሠሪውንና የሞዴሉን ስም ይጻፉ፤ ለምሳሌ ሪልቴክ 8168 ወይም ኢንቴል 210። ቀጥለው ሲስተሙ የሰጠውን ስም ይጻፉ፤ ይህ በዊንዶውስ «ኢተርኔት» ወይም «ኢተርኔት 2»፣ በሊኑክስ ደግሞ «ኢኤንፒ3ኤስ0» የመሰለ ነው። በመጨረሻም 12 ምልክት ያለውን የማክ አድራሻ ይጻፉ። ከሦስቱ የሚታመነው የመጨረሻው ነው፤ በዊንዶውስ ካርድ ሲለወጥ አዲሱ «ኢተርኔት 2» እየተባለ ይቀጥላልና፣ በሊኑክስም ስሙ ካርዱ ከተሰካበት ስፍራ የተወሰደ ስለ ሆነ ካርዱ ስፍራውን ሲለቅ ስሙም ይለቀዋልና።

የማክ አድራሻውን በእጅ ሲገለብጡ ዜሮን ከላቲኑ ኦ ፊደል ጋር እንዳያምታቱ ይጠንቀቁ፤ በዚህ አድራሻ ውስጥ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ካሉት አኃዞችና ከላቲኑ ስድስት የመጀመሪያ ፊደላት በቀር ሌላ ምልክት ስለማይገባ፣ ኦ የመሰለው ሁሉ ዜሮ ነው።

ደረጃ 3፦ የድራይቨሩን ማንነትና ምንጩን ይመዝግቡ

በዊንዶውስ «ዲቫይስ ማኔጀር» የሚባለውን ይክፈቱ፣ «ኔትወርክ አዳፕተርስ» ከሚለው ሥር ካርዱን ይምረጡ፣ «ፕሮፐርቲስ» ብለው «ድራይቨር» በሚለው ገጽ ላይ ያለውን የአቅራቢ ስም፣ ቀንና የእትም ቁጥር ይቅዱ። በሊኑክስ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው ፕሮግራም ኢዝቱል ይባላል፤ ከስሙ ቀጥሎ ሰረዝና ትንሹን የላቲን ፊደል አይ፣ ከዚያም የካርዱን ስም ሲጽፉ፣ የድራይቨሩን ስም፣ እትሙንና በካርዱ ውስጥ ያለውን የፈርምዌር እትም ያሳይዎታል። በአዲሶቹ የሊኑክስ እትሞች የብዙ ድራይቨሮች የእትም ቁጥር ከከርነሉ (ከሲስተሙ እምብርት) ቁጥር ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ የከርነሉን እትም አብረው ይጻፉ።

ድራይቨሩ ከየት እንደ መጣ ማስፈርም ግዴታ ነው፤ በዊንዶውስ ዝማኔ በራሱ የመጣ ነው፣ ከሠሪው የተወረደ ነው፣ ወይስ ከማሽኑ ጋር በተሰጠ ዲስክ የተጫነ? «የቅርብ ጊዜው እትም» ብሎ መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው፤ የዛሬው ቅርብ የከርሞው ሩቅ ስለ ሆነ ለሚቀጥለው ሰው ምንም አይነግረውም።

ከዚሁ ጋር የድራይቨሩን መጫኛ ፋይል በፍላሽ ገልብጠው ከደብተሩ ጋር ያኑሩት። ድራይቨሩ የጠፋበት ማሽን ኢንተርኔት የለውም፤ ኢንተርኔት የሌለው ማሽን ደግሞ የጠፋበትን ድራይቨር ማውረድ አይችልም፤ ከዚህ አዙሪት የሚያወጣው ይህ ፍላሽ ነው።

ደረጃ 4፦ ከመንካትዎ በፊት እንዳለ ይቅዱት

ማሽኑ ደኅናም ሆነ ታማሚ፣ አንዳች ሳይለውጡ የተገኘበትን ሁኔታ በሙሉ ይቅዱ፤ ወደ ኋላ መመለሻ መንገድዎ ይህ ብቻ ነውና። በዊንዶውስ በካርዱ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «አድቫንስድ» የሚለውን ገጽ ከፍተው እያንዳንዱን መሥመር ከነዋጋው በስልክ ያንሡ፤ ወይም በፓወርሼል «ጌት ኔትአዳፕተር አድቫንስድ ፕሮፐርቲ» የሚለውን ትእዛዝ ሰጥተው ዝርዝሩን በፋይል ያስቀምጡ። በሊኑክስ ኢዝቱልን በብቻው ከካርዱ ስም ጋር፣ ከዚያም ከሰረዝ ጋር በትንንሾቹ የላቲን ፊደላት በኬ፣ በጂ፣ በሲና በኤ እየጠሩ የሚሰጠውን መልስ ሁሉ በአንድ ፋይል ያጠራቅሙ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በእነዚህ በአራቱ ፊደላት ትንሹ ያሳያል፣ ትልቁ ይለውጣል፤ በኤስ ፊደል ግን ነገሩ ተገልብጦ፣ ትልቁ ኤስ የስሕተቶችን ቆጠራ ሲያሳይ ትንሹ ኤስ ፍጥነትንና ዱፕሌክስን ይለውጣል። ሕጉ አንድ ወጥ ነው ብሎ የገመተ ሰው ለማየት ገብቶ ለውጦ ሊወጣ ይችላልና፣ የኢንተር ቁልፉን ከመጫንዎ በፊት ፊደሉን ሁለት ጊዜ ያንብቡ።

ሙሉው ዝርዝር በፋይል ይቀመጥ፤ በደብተሩ ላይ የሚጻፈው ግን ከፋብሪካው የተለየው ብቻ ነው፣ እርሱም በቀይ ብዕር። በግእዝ መጻሕፍት የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ስለሚጻፍ አንባቢው ገጹን ገና ሲገልጥ ዓይኑ በዚያ ያርፋል፤ በእርስዎም ደብተር በሰው እጅ የተለወጠው እንዲሁ በአንድ እይታ ሊለይ ይገባል። ሁሉንም በአንድ ቀለም የጻፈ ሰው የተለወጠውን ካልተለወጠው ጋር ደባልቆ ይቀብረዋል።

ደረጃ 5፦ ፍጥነቱንና ዱፕሌክሱን በሁለት መሥመር ይጻፉ

ከቅንብሮች ሁሉ ብዙ መከራ የሚያመጣው ይህ ስለ ሆነ ጥቂት እንቆይበት። በአንደኛው መሥመር የታዘዘውን፣ በሁለተኛው መሥመር የተገኘውን ይጻፉ። ትእዛዙ «አውቶ ኔጎሲዬሽን» ሊሆን ይችላል፤ ይህም ሁለቱ ጫፎች ተነጋግረው ይስማሙ ማለት ነው፤ የተገኘው ግን 1000 ሜጋቢት ሙሉ ዱፕሌክስ፣ ወይም 100 ሊሆን ይችላል። በአራት ጥንድ ሽቦ የሚሄደው የጊጋቢት መሥመር ያለ ስምምነት አይቆምም፤ 100 ሜጋቢቱ ግን ሁለት ጥንድ ብቻ ይበቃዋል። ስለዚህ ሁለቱም ጫፎች ጊጋቢት የሚችሉ ሆነው 100 ከተገኘ፣ ድራይቨሩን ሳይሆን ገመዱንና የጫፉን መሰኪያ በመጀመሪያ ይጠርጥሩ።

አንዱን ጫፍ በእጅ 100 ሙሉ ብሎ ማሰር፣ ሌላውን በስምምነት መተው፣ ከስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው። የታሰረው ወገን መነጋገሩን ያቆማል፤ የተተወው ወገን ፍጥነቱን ከምልክቱ ቢያውቅም ዱፕሌክሱን የሚነግረው ስለሌለ በሕጉ መሠረት ግማሽ ዱፕሌክስን ይይዛል። ከዚያ በኋላ አንዱ ሌላው እስኪጨርስ ሳይጠብቅ ይናገራል፣ ሌላውም ይህን እንደ ግጭት ቆጥሮ ንግግሩን ይሰብራል። ፒንግ የሚባለው አጭር የሙከራ መልእክት ብቻ ሲላክ መሥመሩ ጤነኛ ይመስላል፤ ትልቅ ፋይል ሲተላለፍ ግን ይንገዳገዳል። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፤ ወይ ሁለቱንም ጫፍ በስምምነት ይተዉ፣ ወይ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ይሰሩ፣ ካሰሩም ሁለቱንም በመዝገብ ያስፍሩ።

ደረጃ 6፦ የቀሩትን ቅንብሮች ከነትርጓሜያቸው ያስፍሩ

ሁሉንም መለወጥ አያሻም፤ የተለወጠ ካለ ግን ትርጉሙን አውቀው ይመዝግቡት።

«ኦፍሎድ» የሚባሉት የፓኬትን ድምር ማረጋገጥንና ትልቁን መልእክት መቆራረጥን ከማሽኑ ፕሮሰሰር ወደ ካርዱ ያሸጋግራሉ። እነዚህ ክፍት ሳሉ በላኪው ማሽን ላይ ፓኬቶቹን በሚያሳየው በዋየርሻርክ ፕሮግራም የሚመለከት ሰው የድምሩ ቁጥር የተሳሳተ መስሎት ይደነግጣል፤ ሥራውን የሚፈጽመው ካርዱ ስለ ሆነ ከዚያ በፊት የታየው ድምር ገና ያልተሞላ ነው፤ ይህን በኅዳግ ይጻፉት።

«ኢንተራፕት ሞደሬሽን» ካርዱ ለእያንዳንዱ ፓኬት ፕሮሰሰሩን ከመቀስቀስ ይልቅ ጥቂት አጠራቅሞ እንዲቀሰቅስ ያዘዋል፤ ፕሮሰሰሩን ያሳርፋል፣ ነገር ግን ጥቂት መዘግየት ያመጣል። «ሪንግ በፈር» ፓኬቶቹ ተራ የሚጠብቁበት ወንበር ብዛት ነው፤ ሲጠብ የተረፈው ይጣላል። «ፍሎው ኮንትሮል» የተጨናነቀው ወገን ሌላውን ለጥቂት ጊዜ ዝም እንዲል የሚለምንበት ሥርዓት ሲሆን፣ በሁለቱም ጫፍ መመዝገብ አለበት።

«ኢነርጂ ኤፊሸንት ኢተርኔት» መሥመሩ ሥራ ሲፈታ ካርዱ እንዲያንቀላፋ ያደርጋል፤ ከአንዳንድ ስዊቾች ጋር ስለማይስማማ መሥመሩ በየጊዜው ብልጭ ድርግም ካለ የሚፈተነው አንዱ ይህ ነው። «ዌክ ኦን ላን» የተኛን ማሽን ከሩቅ ይቀሰቅሳል፤ በ«ሀ» ክፍል በባዮስ፣ በ«ለ» ክፍል በድራይቨሩ ሁለት ፈቃድ ስለሚሻ አንዱን ብቻ መመዝገብ ከንቱ ነው።

የፓኬቱን ትልቅነት የሚወስነው «ኤምቲዩ» በልማድ 1500 ባይት ነው፤ በፒፒፒኦኢ የሚገናኝ መሥመር 8 ባይት ስለሚቀነስበት 1492 ይሆናል፤ «ጃምቦ» የሚባለው እስከ 9000 ይደርሳል፣ ነገር ግን በዚያው አውታር ያሉት ማሽኖችና ስዊቹ ሁሉ ካልተስማሙበት ትንንሹ መልእክት እያለፈ ትልቁ ብቻ ይጠፋል። አንዱን አውታር በቁጥር የሚከፋፍለው «ቪላን» ካለ ደግሞ ከ1 እስከ 4094 ያለውን ቁጥሩን ከነአገልግሎቱ ይጻፉ።

የቅንብሩን ስም በስክሪኑ ላይ እንደሚታየው በላቲን ፊደል፣ ምክንያቱን ግን በአማርኛ ይጻፉ። ስሙን በራሱ ትርጉም የጻፈ ሰው ተተኪው በስክሪኑ ላይ የሌለ ነገር እንዲፈልግ ይፈርድበታል።

ደረጃ 7፦ የገመዱን ማዶ ጫፍ ይከተሉ

ገመዱን በእጅ እየተከተሉ እስከ ስዊቹ ይሂዱ፤ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ቁጥር ይለጥፉ፣ የገባበትንም ፖርት ይጻፉ። ርዝመቱን ይገምቱ፤ ከ100 ሜትር ማለፍ የለበትም፣ በጀጎል ቤቶች ውስጥም ገመዱ በግድግዳውና በጣሪያው ዙሪያ ስለሚዞር ከሚታሰበው በላይ ይረዝማል። አሮጌው ከተማ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ በመሆኑ ግድግዳን እንዳሻ መብሳት አይገባም፤ ስለዚህ ገመዱ የት እንዳለፈ የሚያሳይ ንድፍ በደብተሩ ካለ፣ ገመድ በተበላሸ ቀን አዲስ ቀዳዳ ከመብሳት ያድናል።

«በኤረር በር በኩል ያለው ኮምፒዩተር» ብለው አይጻፉ። ኮምፒዩተር ስፍራ ይለውጣል፤ ለማሽኑ፣ ለገመዱና ለፖርቱ የተለጠፈ ቁጥር ግን አብሮ ይሄዳል።

ደረጃ 8፦ አንድ ለውጥ፣ አንድ ፈተና፣ አንድ ምክንያት

የሚለወጥ ነገር ካለ አንድ በአንድ ይለውጡ። ሦስቱን በአንድ ጊዜ ለውጦ መሥመሩ የዳነለት ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም፤ ስለዚህ ሦስቱንም ለዘላለም ተሸክሞ ይኖራል።

ፈተናው በቤቱ ውስጥ ካለ ሌላ ማሽን ጋር ይሁን እንጂ ከኢንተርኔት ጋር አይሁን፤ ከሐረር ውጭ ያለው መንገድ የእርስዎን ካርድ ችግር ይሸፍነዋል። አንድ ጊጋባይት ፋይል ሲገለበጥ፣ መሥመሩ በ100 ሜጋቢት ከሆነ ከ80 ሰከንድ በላይ ይወስዳል፤ በጊጋቢት ከሆነና ዲስኩ ካላዘገየው 10 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። 1000 ፒንግ ልከው የጠፋውን ይቁጠሩ፤ የስሕተት ቆጠራውንም ከለውጡ በፊትና በኋላ ይጻፉ። ከዜሮ የሚበልጥ የቆየ ቁጥር ብቻውን አያስደነግጥም፤ የሚያስደነግጠው ሥራ በበዛ ቁጥር የሚያድገው ነው።

ቀኑንና ሰዓቱን ሲጽፉ በሁለቱም አቆጣጠር ይሁን። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ቀን ሲሆን፣ ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት የ7፣ ከዚያ በኋላ የ8 ዓመት ልዩነት አለው። ሰዓቱ ደግሞ የባሰ ነው፤ እኛ ጠዋት 3 ሰዓት የምንለው በማሽኑ ሰዓት 9 ይባላል፣ አንዳንድ ሰርቨሮችና ስዊቾች በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሚመዘግቡ ያንኑ ቅጽበት 6 ይሉታል። ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ ያልተጻፈለት ሰዓት ከማሽኑ የክንውን መዝገብ ጋር ሊመሳከር አይችልም።

እንግዲህ አንድ የተሟላ አንቀጽ ይህን ይመስላል፦

ማሽን 04፣ ገመድ 11፣ ስዊች 1 ፖርት 7።
ቀን፦ ዓርብ ጥቅምት 7 ቀን 2018 ዓ.ም. (17/10/2025 እ.ኤ.አ.)፣ ከቀኑ 5፡45፣ በማሽኑ 11:45።
ቅንብር፦ ኢነርጂ ኤፊሸንት ኢተርኔት። ከነበረው፦ ክፍት። ወደ፦ ዝግ።
ምክንያት፦ መሥመሩ ሥራ በፈታ ጊዜ በሰዓት ሁለት ሦስት ጊዜ ይቋረጥ ነበር፤ ገመዱ ተለውጦም አልተሻለም።
ፈተና፦ ከለውጡ በፊት ከ1000 ፒንግ 14 ጠፋ፤ ከለውጡ በኋላ 0።
መሻሪያ፦ ስዊቹ በሌላ ሞዴል ሲተካ እንደገና ተከፍቶ ይፈተን።
የሠሪው ፊርማ።

የመጨረሻው መሥመር፣ መሻሪያው፣ ብዙ ጊዜ ይረሳል። በመግቢያው ያነሣነው መሥሪያ ቤት «ገመዱ ሲለወጥ ይፈታ» የሚል አንድ መሥመር ብቻ ቢኖረው ኖሮ፣ የዓመቱ ዝግመት በአንድ ቀን ባበቃ ነበር።

ደረጃ 9፦ መብራት ቢጠፋ ምን እንደሚቀር ይፈትኑ

በሊኑክስ በኢዝቱል የተሰጠ ትእዛዝ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ጸንቶ እንዲኖር በኔትወርክ ማኔጀር ወይም በሲስተምዲ የቅንብር ፋይል ውስጥ መግባት ይኖርበታል፣ መዝገቡም የዚያን ፋይል ስምና ስፍራ መያዝ አለበት። በዊንዶውስ በ«አድቫንስድ» ገጽ የተለወጠው ማሽኑ ተነሥቶ ቢወድቅም ይቆያል፤ ነገር ግን ድራይቨሩ ሲታደስ ወደ ፋብሪካው ሊመለስ ስለሚችል፣ ከእያንዳንዱ ዝማኔ በኋላ ቀይ መሥመሮቹን ብቻ ማመሳከር ይበቃል። ቅንብር የሚቀበሉ ስዊቾችም በሥራ ላይ ያለውን ትእዛዝና ለመነሻ የተቀመጠውን ለይተው ስለሚይዙ፣ ያልተቀመጠው ለውጥ መብራት በጠፋ ጊዜ ይሻራል።

ስለዚህ ሥራውን ሲጨርሱ ማሽኑንም ስዊቹንም ያስነሡና ሁሉንም ዳግመኛ ያንብቡ። በዊንዶውስ ለዚህ ፈተና «ሻት ዳውን» ሳይሆን «ሪስታርት» ይጠቀሙ፤ ፈጣን አጀማመር የሚባለው ሥርዓት ክፍት ሲሆን «ሻት ዳውን» ሲስተሙን በከፊል አስተኝቶ ስለሚያቆየው ድራይቨሩ እንደ አዲስ አይነሣም።

ደረጃ 10፦ መዝገቡን በሌላ ሰው እጅ ይፈትኑ

ደብተሩ በማሽኑ አጠገብ፣ ግልባጩ በፍላሽ፣ ሌላው ግልባጭ ከዚያ ቤት ውጭ ይቀመጥ። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ብቻ የተቀመጠ የኮምፒዩተሩ መዝገብ፣ በሣጥኑ ውስጥ እንደ ተቈለፈ የሣጥኑ ቁልፍ ነው። የይለፍ ቃል በዚህ ደብተር አይጻፍ፤ ደብተሩ ለብዙ ዓይን የተዘጋጀ ነውና።

በመጨረሻም ቅንብሩ ሲሠራ ያልነበረ አንድ የሥራ ባልደረባዎን ጠርተው ደብተሩን ብቻ ይስጡት፤ ማሽን 04ን ከፋብሪካው ሁኔታ ተነሥቶ መልሶ እንዲያቆመው ይጠይቁት፣ እርስዎም ወንበር ስበው በዝምታ ይመልከቱ። ቆም ባለበት ስፍራ ሁሉ ደብተሩ ጎድሏል ማለት ነው። «ይህን ስለ ምን እንዲህ አደረጋችሁት?» ብሎ ከጠየቀዎ ይመልሱለት፤ ከመለሱለት በኋላም ያንኑ መልስ እዚያው ኅዳግ ላይ ይጻፉት፤ እርስዎ በሌሉበት ቀን ሌላ ሰው ያንኑ ይጠይቃልና።